የትልቅ ዩኒቨርሲቲ መብራትና ውሃ ኃላፊ ሆኛለሁ፤ ከየት ልጀምር?

የቆጣሪዋ_ልጅ (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው። ስድስት ዓመት በአንድ ትልቅ የክልል ዩኒቨርሲቲ ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። ባለፈው ወር የመብራቱ፣ የውሃው፣ የጄኔሬተሩና የፍሳሹ ሥራ በሙሉ ተጠቃሎ ለእኔ ተሰጠ። የግቢውን ስም አልጠቅስም። ችግሩ ግን የብዙ ግቢ ይመስለኛል።

ግቢው በሦስት ምዕራፍ የተገነባ ነው። በሦስቱም ጊዜ ኮንትራክተሩ የተለያየ ነበር። ከ15 ኪሎቮልት መስመር የሚመገቡ ትራንስፎርመሮች በየአቅጣጫው ቆመዋል። ሁለት የጉድጓድ ውሃ አለን። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስዕል ጠፍቷል። የሁለተኛው አለ፣ ግን መሬት ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ኬብሉ የት እንደሚሄድ፣ የትኛው ቫልቭ የትኛውን ሕንፃ እንደሚዘጋ በወረቀት የሚያውቅ ሰው የለም።

በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ማታ 2 ሰዓት ላይ የአንድ የሴቶች ዶርም መብራት ጠፋ። ተረኛው ኤሌክትሪሽያን ብሬከሩን ፍለጋ ሦስት ሕንፃ ዞረ። መጨረሻ ላይ ያገኘው ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ከድሮ ወንበሮች ጀርባ ነው። ልጆቹ እስከ 5 ሰዓት ጨለማ ውስጥ ቆዩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አሁን አመራሩ በዚህ ዓመት በጀት አንድ ትልቅ ነገር እንድገዛ ይፈልጋል። ወይ ተጨማሪ ጄኔሬተር፣ ወይ ጣሪያ ላይ ሶላር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሐሳብ አቅርቢ ተብያለሁ። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ሰዎች፣ እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምሩ ነበር?

ጡረተኛው_ቴክኒሻን

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ሸክሙ ግን ከባድ ነው፤ እግዚአብሔር ያግዝሽ። ከ25 ዓመት በላይ በዚሁ ሥራ ኖሬያለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም አትግዢ። ጄኔሬተርም ሶላርም ይቆይ። አሁን የምትገዢው ነገር ምን ያህል መሆን እንዳለበት ገና አታውቂም። የግቢሽ ከፍተኛ ጭነት ስንት ኪሎዋት ነው? በስንት ሰዓት? የትኛው ትራንስፎርመር ሞልቷል፣ የትኛው ባዶውን ተቀምጧል? ይህን ሳታውቂ የገዛሽው ጄኔሬተር ወይ ያንሳል ወይ ይበዛል። የበዛውም ይጎዳል። ናፍጣ ጄኔሬተር ለረጅም ጊዜ ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ሲሠራ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም። ጭስ ማውጫው በጥቁር ቅባት ይሞላል፣ ሞተሩም ያለ ዕድሜው ያረጃል። ሌሊት የኮሪደር አምፖል ብቻ ይዞ የሚያድር ትልቅ ጄኔሬተር በዓይኔ ሲሞት አይቻለሁ።

በግቢሽ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የቧንቧ ሠራተኛ ወይም ኤሌክትሪሽያን አይጠፋም። ግቢው ሲቆፈር የነበረ ሰው ማለቴ ነው። ያን ሰው ፈልጊው። ደብተርና እርሳስ ይዘሽ አብረሽው ዙሪ። ካርታሽ እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ጡረታ ሲወጣ ካርታው አብሮት ይወጣል።

ኢንጂነር_በቅሎ_ቤት

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት። ታዲያ አሁንም ስለ ጄኔሬተር የምናወራው ለምንድን ነው? የመብራት መጥፋት ይቀንሳል ብላችሁ አታስቡም?

ጡረተኛው_ቴክኒሻን

ወንድሜ፣ በግድቡ ደስታ አብረን ነን። ግን ማመንጨትና ማከፋፈል የተለያየ ሥራ ነው። ኃይሉ ከግድቡ ተነስቶ በከፍተኛ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በ15 ኪሎቮልት መስመር አልፎ ነው እኛ በር የሚደርሰው። ከዚያ ደግሞ አጥር ውስጥ ይገባል። ልጃችን የነገረችንን ዶርም ያጨለመው የአገሪቱ ኃይል ማነስ አይደለም። ብሬከሩ የት እንዳለ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ከአጥሩ ውስጥ ያለው ሽቦ የግቢው ነው። ለእሱ ከውጭ መጥቶ የሚጠይቅልን ሰው የለም።

የቆጣሪዋ_ልጅ

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እንዳሉት ዓይነት ሰው አለን። ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የሚጠራቸው። በቧንቧ ሥራ የገቡት የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲቆፈር ነው። ጡረታቸው ግን በሚመጣው ሰኔ ነው። ከነገ ጀምሮ አብሬያቸው እዞራለሁ።

ዲሲ_ዳር

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ዲሲ አካባቢ ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ማዕከላዊ የኃይል ማመንጫ ውስጥ በሽፍት እሠራለሁ። ቦይለርና ቺለር (ትልቅ የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን) ነው ውሎዬ።

እዚህ ትልልቆቹ ግቢዎች እንደ ትንሽ ከተማ ናቸው። በኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለዋናው ግቢ የሚያስፈልገውን መብራት፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ራሱ ያመነጫል። ፕሪንስተን እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ አካባቢውን ሲያጨልም በራሱ የጋዝ ተርባይን ግቢውን አብርቶ ቆይቷል። ኮርኔል ከ2000 ጀምሮ ግቢውን የሚያቀዘቅዘው ከካዩጋ ሐይቅ ጥልቀት በሚስበው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። የሐይቁና የግቢው ውሃ አይቀላቀሉም፤ በሙቀት መለዋወጫ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚያልፉት። ስታንፎርድ ደግሞ በ2015 የድሮውን የእንፋሎት መስመር ትቶ ወደ ሙቅ ውሃ ዞሯል። ከሕንፃዎች የሚወጣውን ሙቀት ወደ አየር ከመበተን ይልቅ ሌላ ሕንፃ ለማሞቅ ይጠቀሙበታል።

ይህን የምነግርሽ በገንዘብ እንድትወዳደሪ አይደለም። በየቦታው መነሻው አንድ ስለሆነ ነው። ስታንፎርዶች ያን ውሳኔ መወሰን የቻሉት የግቢው የሙቀትና የቅዝቃዜ ፍላጎት በየሰዓቱ ተመዝግቦ እጃቸው ላይ ስለነበረ ነው። ብዙ ቀን ማሞቂያና ማቀዝቀዣ በአንድ ሰዓት አብረው እንደሚሠሩ ያዩት ከዚያ መዝገብ ነው።

እኛ ጋ ተረኛ ሁሉ በየሁለት ሰዓቱ ግፊት፣ ሙቀትና አምፔር መዝገብ ላይ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ይመዘግባል፤ ቢሆንም በእጅ እንጽፋለን። በእጅ ስትጽፊው ቁጥሩን ታስተውይዋለሽ። እና መዝገቡ ላይ ያለ ፊርማ ሰውን ያኮራል። ይህ በጀት አይፈልግም፤ ደብተርና ሰዓት ብቻ ነው።

ፋይናንስ_ነኝ

እኔ በዩኒቨርሲቲ በጀት ክፍል ነው የምሠራው። ከእኛ በኩል ያለውን ልንገርሽ።

የመብራት ቢል ሲመጣ በአንድ ሒሳብ ነው የሚከፈለው። የትኛው ኮሌጅ ስንት እንደተጠቀመ ማንም አያውቅም። ስለዚህ የሚቆረቆርም የለም። በየሕንፃው ንዑስ ቆጣሪ አስገቢ። ሁሉንም በአንድ ዓመት አትችይም፤ ካፌውን፣ ጉድጓዶቹንና ትልቁን ላብራቶሪ አስቀድሚ።

ሌላው፣ ቢሉን ራሱን አምጥተሽ አንብቢው። እኛ ድምሩን አይተን ነው የምንከፍለው፤ ዝርዝሩን የሚያነብ መሐንዲስ አይመጣም። የሪአክቲቭ ኃይል (ሥራ ሳይሠራ በሽቦው የሚመላለስ ኃይል) የሚል የክፍያ መስመር ካለበት ፓወር ፋክተራችሁ፣ ማለትም ከምትስቡት ኃይል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ፣ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። እሱን ደግሞ ከእኔ አንቺ ታውቂዋለሽ።

የቆጣሪዋ_ልጅ

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የአንድ ዓመት ቢል ዛሬ ከፋይናንስ ወሰድኩ። እውነትም መስመሩ አለ። ለሌሎች አንባቢዎች በቁጥር ላሳያችሁ። ጭነቱ 400 ኪሎዋት ሆኖ ፓወር ፋክተሩ 0.75 ቢሆን ትራንስፎርመሩ የሚሸከመው 533 ኬቪኤ (ሥራ የሚሠራውና የማይሠራው ኃይል በአንድነት) ነው። ወደ 0.95 ቢወጣ ግን 421 ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወደ 220 ኪሎቫር (የሪአክቲቭ ኃይል መለኪያ) የሚሆን ካፓሲተር ባንክ ነው፤ ሪአክቲቭ ኃይሉን እዚያው የሚያቀርብ መሣሪያ ማለት ነው። ሞልቷል የተባለ ትራንስፎርመር በዚህ ብቻ እፎይ ሊል ይችላል። ዋጋውም ከአዲስ ትራንስፎርመር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሦስተኛ_ፎቅ

ተማሪ ነኝ፤ ሳልጠየቅ ስለገባሁ ይቅርታ። እርስዎ እንዲህ ሲጠይቁ ሳይ ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

እኛ ዶርም ሦስተኛ ፎቅ ውሃ የሚመጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ነው። ተነስተን በጀሪካን እንቀዳለን። ጠዋት ፈተና ያለው ልጅም ይነሳል። መብራቱ ደግሞ ማታ ማታ ይደምቅና ይደክማል። የአንዷ ላፕቶፕ ቻርጀር ተቃጠለ። ፕሮክተሯ ስቶቭ ስለምትሰኩ ነው አለችን። የሚሰኩ አሉ፣ አልዋሽም። ግን እኛ ክፍል አንድም ስቶቭ የለም።

እባክዎ እኛንም ይጠይቁን። የትኛው ክፍል በስንት ሰዓት ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነን።

ጡረተኛው_ቴክኒሻን

የኔ ልጅ፣ ጥሩ አደረግሽ የጻፍሽው። መብራቱ አንዴ ደምቆ አንዴ የሚደክመው ከሆነ ስቶቭ ብቻ አይመስለኝም። ኒውትራሉ (የጋራ መመለሻው ሽቦ) ላልቶ ይሆናል። ኒውትራል ሲላላ ወይም ሲበጠስ ብዙ ጭነት ያለበት ፌዝ (ከሦስቱ ኃይል አምጪ ሽቦዎች አንዱ) ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ጭነት የሌለበት ደግሞ ከ220 ቮልት ተነስቶ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ቻርጀር የሚያቃጥለው ያ ነው። ይህ አደጋ ነው። ለቆጣሪዋ ልጅም እላታለሁ፦ በአንቺም ግቢ እንዲህ የሚል ዶርም ካለ ነገ ሳይሆን ዛሬ ይታይ።

ፀሐይ_ለሁሉም

ሁላችሁም ሶላሩን ገሸሽ ያደረጋችሁት ይመስለኛል። አገራችን በካሬ ሜትር በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ታገኛለች። የዩኒቨርሲቲ ጣሪያ ሰፊ ነው። ቀን ቀን ቢሮውና ላብራቶሪው ይሠራል፣ ፀሐይም ቀን ነው የሚወጣው። ለምንድን ነው የሚጠበቀው?

ዲሲ_ዳር

ሶላሩን አልጠላሁትም። ግን አመራሩ ሶላር ሲል መብራት ሲጠፋ የሚያበራ ነገር እየጠበቀ ይመስለኛል። ባትሪ የሌለውና ከመስመር ጋር የተያያዘ ሶላር መስመሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሆን ተብሎ ነው የሚጠፋው። ያለዚያ መስመር ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል። ይህን ሳትነግሪያቸው ከተገዛ በመጀመሪያው መጥፋት ቀን የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

ፀሐይ_ለሁሉም

ይህ ትክክል ነው፤ እቀበላለሁ። እንግዲያው ጉድጓዱ ላይ ይጀመር። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ100 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት ብክነቱ ተጨምሮ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበላል። በቀን 100 ሜትር ኩብ ከሆነ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለዚህ ከ13 እስከ 15 ኪሎዋት ፓኔል ይበቃል። ባትሪ አያስፈልግም። ባትሪው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው የውሃ ጋን ነው። ቀን ሞልቶ ሌሊት ይወርዳል። መብራት ቢጠፋም ዶርሙ ውሃ ያገኛል።

ጡረተኛው_ቴክኒሻን

ይሄ ወርቅ ሐሳብ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ፓምፑን ከማሰባችሁ በፊት ጉድጓዱን ለኩ። የውሃው ወለል ስንት ሜትር ላይ እንዳለ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በአንድ ሰዓት፣ ፓምፑ አርፎ ካደረ በኋላ ለክታችሁ ጻፉ። ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ እንዴት እንደደረቀ ሁላችንም እናውቃለን። ሐይቁ ሲሸሽ በዓይን ይታያል። የከርሰ ምድር ውሃ ግን ሳይታይ ነው የሚሸሸው።

የካፌው_ጠጋኝ

እኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ካፌ የምጣድና የማብሰያ ጠጋኝ ነኝ። ስለ ደኅንነት ማንም አላነሳም።

ጓደኛዬ መብራት ጠፍቶ እያለ የብሬከር ሰሌዳ ከፍቶ ሲሠራ በኤሌክትሪክ ተያዘ። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ነበር የነካው። ለካ ከጎን ያለው ላውንጅ ትንሽ ጄኔሬተር አስነስቶ በሶኬት በኩል መልሶ ወደ መስመሩ ልኮበታል። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል። እጁ ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም።

እህቴ፣ እያንዳንዱ ጠጋኝ የራሱ ጓጉንቸር ቁልፍ ይኑረው። ብሬከሩን አጥፍቶ በቁልፉ ይቆልፍ፣ ስሙን የያዘ ካርድ ይስቀል። ቁልፉን የሚፈታው ራሱ ብቻ ይሁን። አለቃውም ቢሆን አይፍታ። ከዚያም ቢሆን በሞካሪ ሳያረጋግጥ እጁን አይስደድ። ጄኔሬተር ያለው ላውንጅና ሱቅ ሁሉ ከመስመሩ በሚለይ ማዞሪያ ካልሆነ እንዳያስነሳ ከልክይ።

ስለ ምጣዱም ልንገርሽ። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይጎትታል። 30 ምጣድ በአንዴ ሲሰካ ከ100 ኪሎዋት ያልፋል። እኛ ጋ የውሃው ፓምፕና ምጣዱ አብረው ነበር የሚነሱት፣ ጠዋት 12 ሰዓት። ፓምፑን ወደ ሌሊት 7 ሰዓት ስናዛውረው ብሬከሩ መውደቁን አቆመ። ምንም አልተገዛም።

የቆጣሪዋ_ልጅ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። ለአመራሩ አንድ ገጽ ጽፌ ነበር። ሦስት ወር ስጡኝ፣ ግዢው በልኬት ይሁን አልኩ። ሁለት ወር ተሰጠኝ።

መጀመሪያ የደኅንነት ቁልፎቹን አመጣን፣ ለሁሉም በየስማቸው። ከዚያ ዶርሞቹን በሙሉ ፈተሽን። ሦስተኛ ፎቅ የምትለው ተማሪ እንዳለችው ዓይነት የሚደምቅና የሚደክም መብራት እኛም ጋ ነበር። ሰሌዳው ሲከፈት የኒውትራሉ ማያያዣ ጠቁሮ፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ አገኘነው። የአሉሚኒየም ኬብል ያለ ተገቢው ማያያዣ በቀጥታ ከመዳብ ጋር ታስሯል። ዓመታት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ላልቷል። ቆርጠን በትክክለኛው ማያያዣ አሰርነው። አሁን ሦስቱም ፌዝ ከ220 ብዙም አይርቅም።

ውሃውን ደግሞ ሌሊት ለካነው። ጋናችን 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፓምፑን አጥፍተን፣ በባትሪ እያበራን፣ በሜትር ለካን። ሁሉም ተኝቷል። ውሃው ግን በአንድ ሰዓት 12 ሳንቲሜትር ወረደ። 12 ሜትር ኩብ ማለት ነው፣ ማንም ሳይጠቀም።

ጋሼ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ዘጉ። እያንዳንዱን ሲዘጉ እንደገና እንለካለን። ሦስት ሌሊት ፈጀብን። ወደ ድሮው ወርክሾፕ የሚሄደውን ሲዘጉ መውረዱ በሰዓት ወደ 3 ሳንቲሜትር ቀነሰ። ወርክሾፑ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ቧንቧው እንዳለ ሁላችንም ረስተነዋል። ጋሼ አንድ የብረት ዘንግ መሬት ላይ ተክለው ጫፉን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። እርምጃ በእርምጃ ሄደው አንድ ቦታ ቆሙና «እዚህ ነው» አሉ። አጠገቡ ያለውን የፍሳሽ ማንሆል ከፈትን። ውስጡ ጥርት ያለ ንጹህ ውሃ ይፈሳል። የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የመጠጥ ውሃ። ሁላችንም ዝም አልን።

በቀን 216 ሜትር ኩብ ነው። ያ ውሃ ከጉድጓድ የወጣው በመብራት ነው፤ ክሎሪንም ተጨምሮበታል። ከተዘጋ ወዲህ በእኛም ዶርም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይመጣል። ልጆቹ መጀመሪያ አላመኑም፤ አሁንም ጀሪካናቸውን ሞልተው ነው የሚተኙት።

ካርታውን በአራት ትልልቅ ወረቀት ሠርተን ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። ጋሼ በየጠዋቱ ቡና ሳይጠጡ መጥተው በቀይ እስክሪብቶ ያርሙታል። ትናንት አንድ ቫልቭ ሰርዘው ሁለት ሜትር ወደ ግራ አዛወሩት። ሄደን ቆፈርን፤ እንዳሉት ነው። ሁለት ወጣት ቴክኒሻኖች እስከ ሰኔ ድረስ ከእሳቸው አይለዩም፤ ሌላ ሥራ አልሰጣቸውም።

አሁን የካፓሲተር ባንኩን የጨረታ ዝርዝር እያዘጋጀሁ ነው። ቀጥሎ የጉድጓዱ ሶላር ይመጣል። ጄኔሬተሩን ለጊዜው ትተነዋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። የክሊኒኩን ትራንስፎርመር ሳይ መተንፈሻው ውስጥ ያለው ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጠው ፍሬ) ሰማያዊ መሆን ሲገባው ሙሉ በሙሉ ሮዝ ሆኗል። ቀይሬው ልለፍ ወይስ ሌላ ነገር ላድርግ?

ጡረተኛው_ቴክኒሻን

ልጄ፣ አንብቤ ዓይኔ እንባ ሞላ። ለጋሼያችሁ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ሮዝ ከሆነ እርጥበት ጠግቧል። መቀየሩ ብቻውን አይበቃም፤ ዘይቱም እርጥበት ሳይጠጣ አልቀረም። ናሙና አስወስጂና የመቋቋም ቮልቴጁ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሳያሳልፍ ስንት ቮልት እንደሚችል፣ ይመርመር። ዝናብ በሌለበት ደረቅ ቀን ይሁን። ከታችኛው ቫልቭ የሚወጣውን የመጀመሪያ ዘይት በባልዲ ተቀበሉት፤ እሱ ዝቃጭ ስላለበት ለናሙና አይሆንም። መሬት ላይም አይፍሰስ። ትራንስፎርመሩ የድሮ ከሆነ ዘይቱ መርዛማ ሊሆን ስለሚችል ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት። ጠርሙሱ የደረቀ መስታወት ይሁን፣ በራሱ በዘይቱ አንዴ ታጥቦ ይሞላ፣ ወዲያው ይከደን። ላዩ ላይ የትራንስፎርመሩን ቁጥር፣ ቀኑንና የዘይቱን ሙቀት ጻፊ።

ክሊኒኩ ክትባት የሚያስቀምጥበት ፍሪጅ ካለው ደግሞ ትራንስፎርመሩን ከማጥፋትሽ በፊት ነርሷን አናግሪያት። ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ ጻፊልን።